በሙዚቃ የሚጨፍረው የመኪና መብራት ለምን ይከዳል?

ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት አልፎ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ የሚታየው የተሽከርካሪ መብራት የፊትና የኋላው ብቻ አይደለም። ባጃጁ በጣሪያው ዙሪያ፣ ሚኒባሱ በዳሽቦርዱ ጠርዝ፣ አይሱዙው በግንባሩ ላይ ሰማያዊና ቀይ የኤልኢዲ ጥብጣብ ለጥፎ ይጓዛል። ከእነዚህ ሁሉ ዓይን የሚስበው ከቴፑ ድምፅ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ከበሮው ሲመታ ቦግ ብሎ ዜማው ሲረግብ የሚደበዝዘው ነው። ተሳፋሪ ይወደዋል። ባለንብረቱን ግን በየሳምንቱ ኤሌክትሪሺያን ቤት የሚያመላልስ ዕዳ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዕዳው ከመብራቱ ከራሱ የሚመጣው እምብዛም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው መካኒኮች ከጣሊያንኛ ወስደው “ማሳ” በሚሉት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ሮቢት ላይ “ማሳው ተበላሽቷል” ሲባል ማሽላውን የሚያስብ ገበሬ ቢኖር አይፈረድበትም። እዚህ የሚወሳው ማሳ ግን አይታረስም፤ ከተበላሸ የሚያከስረው ባለመኪናውን ነው።

ጉዳዩ በገበያ ገጽ ላይ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ጥብጣብ መብራት በብር ሲሰላ ዋጋው ንሯል። ቀድሞ “አውጥተህ ቀይረው” ይባል የነበረው ዕቃ ዛሬ መጀመሪያ መፈተሽ ይኖርበታል። የማሳ ጥገና አንድ ብሎን፣ አንድ ሜትር ሽቦና የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ማሳውን ባለማወቅ የተቃጠለ ቴፕ ግን የባጃጅን የብዙ ቀን ገቢ ይዞ ይሄዳል።

ለምሳሌ ያህል ከሮቢት ቆቦ የሚመላለስ አንድ ባለ ባጃጅ ይታሰብ። መብራቱን ከገዛበት ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ከባትሪ ጋር ተያይዞ ሲጨፍር አይቶ ከፍሏል። ባጃጁ ላይ ሲገጠም ግን ጭፈራው ቀረ። አንዴ ደንግዞ ይውላል፣ አንዴ ያለ ሙዚቃ በርቶ ያድራል፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ባለሱቁ ትራንዚስተሩን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ጥብጣቡን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ምልልስ “ቴፕህ ነው የተበላሸው” ተባለ። ሦስቱም ዕቃ ደህና ነበር። ሽቦው የታሰረበት ብሎን ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የመልሱ መንገድ

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። መኪና ሠሪዎች ለእያንዳንዱ መብራት የመመለሻ ሽቦ እንዳይዘረጉ ሲሉ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር በወፍራም ሽቦ ያስራሉ። ከዚያ በኋላ ብረቱ ሁሉ መመለሻ ይሆናል። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ገደማ የተሠሩ አንዳንድ የእንግሊዝ መኪናዎች ፖዘቲቩን ከአካል ጋር ያስሩ ስለነበር፣ አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው ከመንካቱ በፊት ቢያይ ይበጀዋል። የዛሬዎቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ኔጌቲቭ ማሳ ናቸው።

ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ዝገትም በደንብ አያሳልፍም። በራያ ቆላ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ በየብሎኑ ሥር ይገባል፤ ጨው የሚጭን መኪና ላይማ ዝገቱ ይብሳል። የማጠፊያ ዘይት የጠጣ በር፣ ሸራ የለበሰ የባጃጅ ጣሪያና የፕላስቲክ ዳሽቦርድ ከቶ ማሳ አይሆኑም፤ ሆኖም ለሥራ ስለሚቀርቡ ብቻ ሽቦ ሲታሰርባቸው ይታያል።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። ባለ 12 ቮልት ጥብጣብ መብራት ውስጥ ኤልኢዲዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ሦስትዮሽ ጋር ሬዚስተር አለ። ጥብጣቡ በየሦስት አምፖሉ ብቻ በመቀስ የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። አንድ ሰማያዊ ወይም ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ሦስቱ 9 ቮልት ከበሉ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 3 ቮልት ነው። አሁን በዛገ ብሎን ላይ 0.5 ኦም መቋቋም አለ እንበል። 4 አምፔር ቢያልፍበት 2 ቮልት እዚያው ይቀራል። ባትሪው ሙሉ፣ ጥብጣቡ አዲስ፣ ብርሃኑ ግን የመብራት ጥላ ይሆናል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥሩ ምልክት ይገኛል። ቀይ ኤልኢዲ የሚፈልገው 2 ቮልት ገደማ በመሆኑ ሦስቱ በ6 ቮልት ይበራሉ። ስለዚህ ቀለም የሚቀያይር ጥብጣብ ላይ ማሳው ሲደክም መጀመሪያ የሚከዱት ሰማያዊውና አረንጓዴው ናቸው፤ ነጭ መሆን የሚገባው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል። (ያንን ሰማያዊ ብርሃን ለማግኘት ሳይንስ ብዙ ዓመት ደክሟል፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ለዚሁ ነው። ያ ሁሉ ድካም በአንድ የላላ ዳዶ ይበላሻል።) ነጩ ሲቀላ ያየ ባለንብረት ጥብጣብ ለመግዛት ከመሮጡ በፊት የማሳውን ብሎን ቢፈትሽ ወጪ ይድናል።

ጠረጴዛ ላይ የሠራው መኪና ላይ ለምን እምቢ አለ?

በየሱቁ የሚገጣጠመው ቀላሉ የሙዚቃ መብራት ልቡ አንድ ትራንዚስተር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቲአይፒ31ሲ የሚባለው። ሦስት እግር አለው። አንዱ፣ ቤዝ የሚባለው፣ የሙዚቃውን ሲግናል ይቀበላል። ሁለተኛው፣ ኮሌክተሩ፣ ከጥብጣቡ ኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል። ሦስተኛው፣ ኢሚተሩ፣ ወደ ማሳ ይሄዳል። ቤዙ ከኢሚተሩ በ0.7 ቮልት ገደማ ሲበልጥ በሩ ይከፈትና መብራቱ ይበራል፤ ሙዚቃው ሲረግብ ይዘጋል።

“ከኢሚተሩ ሲበልጥ” የሚለው ቃል ላይ ማተኮር ያስፈልጋል። ትራንዚስተሩ የሙዚቃውን ጉልበት የሚለካው ከኢሚተሩ ተነሥቶ ነው። በመሆኑም የሙዚቃው ሽቦ ማሳና የመብራቱ ማሳ አንድ ቦታ ካልተገናኙ መለኪያው መነሻ የለውም፤ መብራቱም ወይ አይበራም ወይ በዘፈቀደ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ በአጭር ሽቦ ስለሚያያዙ ችግሩ አይታይም። መኪና ውስጥ ግን ቴፑ ማሳውን ከዳሽቦርድ ኋላ፣ ጥብጣቡ ከበሩ ጎን፣ ትራንዚስተሩ ከሌላ ብሎን ይወስዳል። የመብራቱ ኤሌክትሪክ በደካማው ብሎን ሲያልፍ ኢሚተሩን ግማሽ ቮልት ወደ ላይ ቢያነሣው፣ 0.7 ይበቃው የነበረው ሲግናል አሁን 1.2 መሆን አለበት። መብራቱ ሊበራ ሲል ራሱን ያጠፋል። ሾፌሩ ድምፁን ይጨምራል፤ ስፒከሩ ይሰነጠቃል፤ መብራቱ እንደደነገዘ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ሙዚቃው በቀጭን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ከስልክ የሚመጣ ከሆነና የትራንዚስተሩ ዋና ማሳ ከተፈታ፣ የጥብጣቡ ኤሌክትሪክ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። የሚያገኘው ያንኑ ቀጭን የሙዚቃ ገመድ ነው፤ ስልኩ በመኪናው ቻርጀር ላይ ከተሰካ በስልኩ ውስጥ አልፎ በቻርጀሩ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ለሚሊአምፔር የተሠራ ገመድ አንድ አምፔር ሲጫንበት ይግላል። የስልክ ሶኬት ተቃጠለ ሲባል “ቻርጀሩ ርካሽ ነበር” ይባላል። ቻርጀሩ ያለ ጥፋቱ ይታማል።

ሞተር ሲነሣ ከሞተሩ ጋር እየቀጠነ የሚሄደው ፉጨትም የዚሁ ዘመድ ነው። ስልኩ በሙዚቃው ገመድም በቻርጀሩም ማሳ ሲያገኝ ክብ መንገድ ይፈጠራል። ዲናሞው የሚያስነሣው ሞገድ በሁለቱ የማሳ ነጥቦች መካከል 0.05 ቮልት ልዩነት ቢያመጣ፣ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ከሆነው የስልኩ ሲግናል አጠገብ ይህ ልዩነት በጆሮ ይሰማል፤ መብራቱንም ያለ ሙዚቃ ያርገበግበዋል። መለያው ቀላል ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ቴፑን የሚያቃጥለው ስህተት

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ገጣጣሚው ከስልክ ገመድ ይልቅ ከቴፑ የስፒከር ሽቦ ሲግናል ሊወስድ ይወስናል። አሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሲግናሉ ጉልበት አለው። ከስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ ተብሎ ስለሚጠራ፣ ኔጌቲቩን ከመኪናው አካል ጋር ያስረዋል። “ኔጌቲቭ ማሳ ነው” ብሎ የተማረ ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

የስፒከር ኔጌቲቭ ማሳ አይደለም። የዛሬ የመኪና ቴፖች ከ12 ቮልት በቂ ጉልበት ለማውጣት እያንዳንዱን ስፒከር ከሁለት ጎን የሚገፉ ሁለት አምፕሊፋየሮች አሏቸው። በየቴፑ ውስጥ ከሚገኙት ታዋቂ ቺፖች አንዱ የሆነው ቲዲኤ7388 የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ አሠራር ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች፣ ሙዚቃ ባይኖርም እንኳ፣ ከመኪናው አካል አንፃር የባትሪውን ግማሽ፣ ማለትም 6 ቮልት ገደማ ይዘው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱን ከአካል ጋር ማሰር የአምፕሊፋየሩን መውጫ በቀጥታ ማቃጠያ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመከላከያ ዘዴ ያለው ቺፕ ድምፁን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ርካሽ ቅጂው ግን ይቃጠላል። ጥበቃ ያለውም ቢሆን በየቀኑ ሲፈተን መጨረሻው አያምርም።

ኔጌቲቩን ትቶ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ብቻ ወደ ቤዝ፣ ኢሚተሩን ወደ አካል ያሰረ ደግሞ ቴፑን አያቃጥልም ይሆናል፤ ነገር ግን ያ 6 ቮልት በሩን ሁልጊዜ ከፍቶ ይይዘዋል። “መብራቱ ቴፑ እስካልጠፋ አይጠፋም፣ አይጨፍርምም” የሚለው አቤቱታ ከዚህ የሚመጣ ነው። ማንም ሰው ቴስተር ይዞ የስፒከሩን አንድ ሽቦ ከአካሉ አንፃር ቢለካና 6 ቮልት ገደማ ቢያገኝ የቴፑን ዓይነት ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

መፍትሔው ሦስት ነው። ቴፑ ከኋላው የአምፕሊፋየር መውጫ ካለው ሲግናሉን ከዚያ መውሰድ፤ እሱ ማሳው ከአካሉ ጋር አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን አነስተኛ ስለሆነ መካከል ላይ ትንሽ ማጉያ ይፈልጋል። ከስፒከር ሽቦ መውሰድ ግድ ከሆነ፣ በትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ሁለቱን ወገን መለየት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሽቦ ከአካል ጋር ቢታሰር ቴፑ አይነካም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚቀለው ነው፦ በራሱ ማይክሮፎን የሚሰማ መቆጣጠሪያ መግዛት። ከቴፑ ጋር ምንም ሽቦ ስለማያገናኘው የቴፑ ማሳ ጣጣ አይደርስበትም። እርግጥ በባጃጅ ውስጥ የሞተሩንም ድምፅ እየሰማ ይጨፍራል። ይህ ለአንዳንዱ ጉድለት ነው፤ ለባለ ባጃጁ ግን ቴፕ ከመቀየር ይሻላል።

አፈታተሹ

መካኒኩ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ቴስተሩን “ቲን” በሚለው ቦታ ላይ አድርጎ ሽቦውንና ብረቱን መንካት ነው። ቲን ካለ ደህና ነው ይላል። ይህ ያታልላል። ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከሃያ ክር አንዷ ብቻ የቀረች ሽቦም ቲን ታሰኛለች፤ 3 አምፔር ሲመጣባት ግን አትችልም። ድልድይ የሚፈተነው ጭነት ሲያልፍበት ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ሥራ ላይ እያለ የሚደረገው ነው። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ መብራቱ ሊደምቅ በሚገባው ልክ እየሠራ ቴስተሩ በዲሲ ቮልት ይደረጋል። ጥቁሩ ጫፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ራስ፣ ቀዩ ጫፍ የትራንዚስተሩን ኢሚተር ይነካል። የሚታየው ቁጥር በመመለሻው መንገድ ላይ የባከነው ቮልት ነው። ከ0.2 በታች ከሆነ ማሳው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሌላ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ቴስተር የሌለው ሰው አንድ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ወደ ኢሚተሩ ቢዘረጋ ይበቃዋል። መብራቱ ወዲያው ከደመቀ በዳዩ ማሳው ነው።

ጥገናውም የዚያን ያህል ነው። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቃል፤ የሽቦው ጫፍ ቀለበት ይደረግለታል፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገብቶ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከላይ ቅባት ይቀባል። ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩና የመብራቱ ትራንዚስተር በአንድ ብሎን ላይ ቢገናኙ ፉጨቱም አብሮ ይቀንሳል። ባጃጅ ላይ የሚመረጠው የሻሲው ብረት ነው፤ ከተቻለ ደግሞ ሽቦውን እስከ ባትሪው ድረስ ማድረስ። በፖዘቲቩ በኩል ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። በሜትር 60 አምፖል ያለው ባለ 5050 ጥብጣብ በሜትር 1.2 አምፔር ገደማ ስለሚበላ፣ ለ3 ሜትር ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። 3 ሜትሩን ግን አንድ ቲአይፒ31ሲ አይሸከመውም፤ ልኩ 3 አምፔር ነውና።

ለገዢና ለደላላ

ያገለገለ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የሚያሻሽጥ ደላላ ሞተሩን ያስነሣል፣ ጎማውን ያያል፣ ቦሎውን ይጠይቃል። የጌጥ መብራቱን ሽቦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። አንድ የምሽት ፈተና ብዙ ይናገራል። የጌጡ መብራት በርቶ ሳለ ፍሬን ይረገጥ፣ ፍሬቻ ይብራ። ፍሬን ሲረገጥ ጌጡ የሚደበዝዝ፣ ፍሬቻው ሲበራ የፍሬን መብራቱ አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ጌጡ ማሳውን ከኋላ መብራቱ ጋር ተጋርቷል፤ ያ ማሳም ደክሟል። ይህ የጌጥ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ከብትና ጋሪ በሚያቋርጠው በሮቢትና በቆቦ መካከል ባለው መንገድ ላይ በሌሊት የፍሬን መብራቱ የደከመ ሚኒባስ ከኋላው ለሚመጣው አይሱዙ የማይታይ ግድግዳ ነው።

ሌላው ባትሪ የሚያፈስ ሽቦ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ቁልፉ ወጥቶ ቴስተሩ በአምፔር ቦታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በተከታታይ ሲያያዝ ከ50 ሚሊአምፔር ብዙ ማለፍ የለበትም። የጌጡ መቆጣጠሪያ ያለ ቁልፍ ተያይዞ ግማሽ አምፔር የሚስብ ከሆነ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ5 ቀን ባዶ ይሆናል። ሻጩ “ባትሪው አርጅቷል፣ ቀይርበት” ብሎ ዋጋ ሲቀንስ ገዢው ደስ ይለዋል፤ አዲሱ ባትሪም በሳምንቱ ያርፋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም ይህንኑ ጌጥ ይጠይቃሉ። እነዚህም መኪናዎች ለመብራትና ለቴፕ የሚሆን ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ኔጌቲቩም እንደ ወትሮው ከአካሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል። ትልቁ ባትሪ ግን ሁለቱም ጫፎቹ ከአካሉ የተለዩ ናቸው፤ ሽቦዎቹም ብርቱካን ቀለም ተቀብተዋል። ለጌጥ ተብሎ ብርቱካኑን ሽቦ የሚፈታ ገጣጣሚ ሲገኝ ባለንብረቱ ቁልፉን ተቀብሎ ሌላ ጋራዥ ይሂድ።

የመብራቱ ሻጭም ቢሆን የሚጠቀመው ከዚህ ነው። ሮቢት ላይ ጥብጣብ የሚሸጥ ሱቅ ከእያንዳንዱ ጥብጣብ ጋር አንድ ሜትር ጥቁር ሽቦ፣ አንድ ጥርስ ያለው ሮንዴላና ፊውዝ አብሮ ቢሰጥ የዕቃው ዋጋ እምብዛም አይጨምርም። ገጥሞ ሲጨርስ ቮልቱን በገዢው ፊት ለክቶ በደረሰኙ ጀርባ ላይ 0.1 ብሎ ቢጽፍለት ደግሞ፣ ከወር በኋላ “መብራትህ ከዳኝ” ብሎ የሚመጣውን ደንበኛ በቴስተር ያነጋግረዋል። ያኔ 0.8 ካሳየ የላላው ብሎን ይጠብቃል፤ 0.1 ካሳየ ሱቁ ጥብጣቡን ይቀይራል።